ያልተመዘገቡት አማካሪያችን

ተማሪዎችን ማማከር ማለት መልስ መስጠት ይመስለኝ ነበር። ይህን እምነቴን ያስተወኝ በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ፣ አዲስ ቅዳም አቅራቢያ አንድ ማሳ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር የዋልነው ውሎ ነው።

ተማሪዎቹ ከባዮሎጂ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከአፈር ሳይንስና ከኮምፒውተር የተውጣጡ ናቸው። ያሰባሰባቸው ሲንተቲክ ባዮሎጂ ነው፤ የሕዋስን ዘረመል አዲስ አድርጎ አቀናብሮ የተፈለገውን ሥራ ማሠራት። ሐሳባቸው ትልቅ ነበር። ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ የጤፍን ሥር የሚመግብ ባክቴሪያ ቢገኝ፣ ገበሬው ለዩሪያ የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንስለታል። ቅዠት አይደለም። ባቄላና አተር ሥራቸው ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ክሌብሲየላ የተባለውን ባክቴሪያ ናይትሮጅን ሰብሳቢ ጂኖች በላቦራቶሪ እንደገና አቀናብረዋል።

ማሳው ወዳለበት ፋግታ ለኮማ ወረዳ የወረድነው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ለማየት ነበር። ዛፉ ራሱ ናይትሮጅን ሰብሳቢ ነው። የአካባቢው ገበሬ ችግኙን ይተክላል፣ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል፣ ቆርጦ ያከስላል፣ ከዚያ መሬቱን መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። አንድ አዛውንት ማሳቸውን ሊያሳዩን ተቀበሉን። የኮምፒውተር ተማሪዋ የእንጅባራ ልጅ ናት፤ ዛፉ ከተነሣ በኋላ ጤፉ ለምን እንደሚያምር በአውኚ ቋንቋ ጠየቀቻቸው።

«ሁሉም ቦታ እኩል አያምርም፣ ልጄ። ከሰል ያከሰልንበትን እዩት» አሉ።

ስለ ናይትሮጅን ላብራራ አፌን ልከፍት ስል የአፈር ሳይንሱ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ከዚያ ጥቁር ቦታ አፈር ዘገነ። «አባባ፣ አመዱ ነዋ!» አለ።

እኔ ዝም አልኩ። ደግ አደረግሁ። ልጁ የተናገረው እኔ ከማውቀው በላይ ነበር። የዚህ ደጋ ዝናብ ብዙ ነው፤ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስድና አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረስም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ለሰብሉ አይደርስም። ናይትሮጅን ሰብሳቢ ባክቴሪያዎችም ብዙዎቹ አሲዱን አይችሉትም። አመድ ግን እንደ ኖራ አሲዱን ያበርዳል። እኛ የምናልመው ባክቴሪያ ብልቃጥ ውስጥ ቢያድግ እንኳ፣ መጨረሻ የሚገባው እዚህ አፈር ውስጥ ነው። ይህን ሳንጠይቅ ስለ ጂን ስንከራከር ከርመናል።

ከዚያ ቀን በኋላ የሳይንቲስቱ የአክሊሉ ለማ ታሪክ በሌላ ዓይን ታየኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ዓይነት። ከዚያ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሻለውን የእንዶድ ዝርያ መረጠ፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኬሚስቶች ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው በለማ ስም ለማቶክሲን አሉት። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይገባቸዋል። ግን የእንዶድን ጉልበት በየቀኑ ሲያሳዩ የኖሩት አጣቢዎቹ ሴቶችም፣ በእኔ ሚዛን፣ የዚያ ቡድን አባላት ናቸው።

አሁን ሥራችን ቅደም ተከተሉን ቀይሯል። ከዲከረንሱ ማሳ አፈር አምጥተን አሲድነቱን ለክተናል፤ አፈሩን በየማሰሮው ከፍለን፣ በአመድ፣ በኖራና ያለ ምንም ጭማሪ ጤፍ ዘርተንበታል። ኬሚስትሪዎቹ ፎስፈረሱን፣ ባዮሎጂዎቹ በዛፉ ሥር ያሉትን አሲድ የለመዱ ባክቴሪያዎች ይከታተላሉ። ዘረመል የመለወጡ ጉዳይ ገና ነው። ቢደርስም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ያለ ፈቃድ ማሳ ላይ መልቀቅን ይከለክላል፤ አፈሩ የሌላ ሰው እንጀራ ነውና ክልከላውን እደግፋለሁ።

አዛውንቱ ግን ስለ ናይትሮጅን አንድም ጥያቄ አልነበራቸውም። ያን ዕለት ልንሰናበታቸው ስንል ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነገር የለበሰ የዲከረንስ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰጡን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአዊን ዲከረንስ እያደረቀ ያለው የፈንገስ በሽታ ነው። «ከሰሉ ነው ልጆቼን የሚያስተምርልኝ። ለዚህ መላ አላችሁ?» አሉ።

ከመካከላችን ፈንገስ ያጠና ሰው አልነበረም። ቡድኑ በማግስቱ ተሰብስቦ፣ በተማሪዎቹ ድምፅ፣ ቀጣዩ ሥራችን የእሳቸው ጥያቄ እንዲሆን ወሰነ። የዕፅዋት በሽታ የሚያጠና ተማሪ እየፈለግን ነው።