ቁጥር የሌለው ጠመንጃ

በኑኑ ቁምባ የዱሮ አዳኞች ዘንድ ጠመንጃ ስም እንጂ ቁጥር አልነበረውም። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ ይባል ነበር። እነዚህ ስሞች ከመሣሪያው ጋር ከባሕር ማዶ መጥተው በአገሬው አንደበት ታሽተው የተለወጡ ናቸው፤ ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር፣ በልጅግም ከተሠራበት አገር ከቤልጅግ የወጡ ናቸው። ከስሙ በስተጀርባ ያለውን ልክ፣ ማለትም ፈረንጆቹ ካሊበር የሚሉትን የአፈሙዝ ስፋት፣ አብዛኛው ባለጠመንጃ አይጠይቅም ነበር። ሰናድር 14.7፣ ውጅግራ 11፣ በልጅግ 7.92 ሚሊ ሜትር መሆኑን ባለቤቶቹ የሚያውቁት በትከሻቸው ነው።

በመሆኑም በዚያው ወረዳ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አዳኝ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስዊድን አገር የሚኖረው ልጃቸው በስልክ ያቀረበላቸው ጥያቄ ለጊዜው ግራ አጋብቷቸው ነበር። ልጁ የአገሩን የአዳኝነት ፈተና አልፎ ሙስ ለማደን መዘጋጀቱን ከነገራቸው በኋላ፣ «አባባ፣ ስንት ካሊበር ልግዛ ይላሉ?» አላቸው። አዛውንቱ በመጀመሪያ የጠየቁት የአውሬውን መጠን ነበር። ከአጋዘን ወገን ሆኖ ቀንዱ እንደ መዳፍ የተዘረጋ፣ የደረሰው ወንዱ እስከ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሆኑን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው ጎሽ በለኛ!» አሉ። በወለጋ ስዊድን የሚለው ስም እንግዳ አይደለም፤ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በነቀምቴ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ያቋቋመ በመሆኑ የሽማግሌዎቹ ትውልድ ያን አገር በፊደልና በመርፌ ያውቀዋል። በጠመንጃ በኩል ሲያውቁት ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

መምረጥ የሚለው ቃል ራሱ ለአዛውንቱ የሚከብድ ነበር። በአገራችን ጠመንጃ ለአውሬው ክብደት ታስቦ የተመረጠበት ጊዜ እምብዛም አይገኝም፤ አዳኙ የያዘው ታሪክ ያደረሰለትን ነው። ሰናድር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ የደረሰው ነጋዴ፣ ግጥም መጻፉን ትቶ ወደ ንግድ የገባው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ነበር፤ ያመጣውም ጠመንጃ በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ነበር። ባለቅኔው የሸጠው ጠመንጃ ከጻፈው ግጥም ቀድሞ አርጅቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመሣሪያው ዋጋ ከየት ይከፈል እንደነበር ደግሞ የወለጋ ታሪክ ያስረዳል። የሌቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. ለምኒልክ ከገቡ ወዲህ፣ በኋላም በልጃቸው በኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ዘመን፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ወደ ማዕከል ይጫን ነበር። ወደ ባሕር ማዶ የወጣው የዝሆን ጥርስ ከፊሉ ጠመንጃ ሆኖ ይመለሳል። ጠመንጃውም ከጌታ ወደ አሽከር፣ ከአሽከር ወደ ገባር እየወረደ ይመጣና በጫካው ውስጥ ከአውሬው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ሰው እጅ የሚገባው ሌሎች የሰለቹት ነው። የአዛውንቱ ውጅግራ ከአያታቸው የወረደው በዚህ መንገድ ነበር።

ይሁንና ይህን የሰለቸ ጠመንጃ መናቅ አይገባም። የውጅግራ ጥይት 25 ግራም ያህል የሚመዝን ለስላሳ እርሳስ ሆኖ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱ ለዛሬ ሰው የሚያስቅ ነው። ነገር ግን እርሳሱ ከሥጋ ጋር ሲገናኝ ይደፈጠጣል፤ ሲደፈጠጥ ይሰፋል፤ ኃይሉንም እዚያው አውሬው ውስጥ ያራግፋል። ጉድለቱ ከርቀት ላይ ነው፤ ጥይቱ ቶሎ ይወድቃል፤ አንድ ከተተኮሰ በኋላ ሌላ እስኪጎርስ ድረስ የባሩዱ ጭስ አዳኙን ከአውሬው ይጋርደዋል። ስለዚህ ውጅግራ የያዘ ሰው መጠጋት ነበረበት፤ ነፋሱን መለየት፣ በሣር ውስጥ መሳብ፣ ከአርባና ከሃምሳ እርምጃ ላይ የፊት እግሩን ሥር መፈለግ ግዴታው ነበር። የጠመንጃው ድክመት ለሰውየው ትምህርት ቤት ሆኖታል።

በልጅግ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተለወጠ። የጥይቱ ፍጥነት የውጅግራን እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል፤ ርቀት ያስንቃል። ይሁን እንጂ የጦር ሜዳ ጥይት እርሳሱ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. በሄግ የተሰበሰቡት መንግሥታት በሰው ሥጋ ውስጥ የሚከፈት ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ ቃል ገብተዋል፤ ለቁስለኛው ወታደር ርኅራኄ ነው። ለአውሬው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የማይከፈተው ጥይት በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል፤ አውሬው ሞቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

አዛውንቱ ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአንድ የበጋ ወራት ከደዴሳ ሸለቆ ከወረዱት አዳኞች መካከል በልጅግ የያዘው ጓደኛቸው ጎሹን ከሩቅ፣ ያውም ሆዱን መታው። ለምን ቸኮለ ቢባል መልሱ ከአደኑ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። በብዙ የአገራችን አካባቢ በነበረው ልማድ ግዳዩ ቀድሞ ደም ላፈሰሰው ነው፤ ጥሎ የሚገድለው ሌላ ቢሆን እንኳ ገዳይ ተብሎ ቅቤ የሚቀባው፣ በገራርሳና በፉከራ ስሙ የሚነሣው መጀመሪያ ያቆሰለው ነው። ይህ ሥርዓት ጀግና አፍርቷል፤ እጅግ ብዙ ቁስለኛ አውሬም አፍርቷል። ጎሹን በደሙ ፈለግ ሁለት ቀን ተከተሉት። በሦስተኛው ቀን ጎሹ በዱካው ዞሮ በረጅሙ ሣር ውስጥ አድፍጦ ጠበቃቸው። ጓደኛቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ያለ ምርኩዝ አልሄደም። በየሠርጉ ቤት ግን ገራርሳው ስለ ጎሹ እንጂ ስለ ምርኩዙ አያነሣም ነበር። በቃል ሥነ ጽሑፋችን ላይ የሚመራመሩ መምህራን የግጥሙን ውበት ሲያጠኑ ይህን ዝምታውንም ቢመለከቱት አይከፋም።

አዛውንቱ ለልጃቸው የመለሱለት እንግዲህ ከዚያ ሣር ውስጥ ሆነው ነው። «ከስንት እርምጃ ትተኩሳለህ? ጥይቱ ውስጡ ይከፈታል ወይስ አልፎ ይሄዳል? ቢቆስልስ ማን ይከተለዋል?» አሉት። ልጁ በጫካው ውስጥ ከመቶ ሜትር በታች እንደሚተኮስ፣ ለሙስ የማይከፈት ጥይት እንደማይፈቀድ ነገራቸው። ሕጉ ስለ አፈሙዝ ስፋት ከመናገር ይልቅ ስለ ጥይቱ ክብደትና ኃይል ይናገራል፤ 10 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ጥይት በ100 ሜትር ላይ 2000 ጁል፣ ከዚያ የቀለለና 9 ግራም የሞላው 2700 ጁል ሊኖረው ይገባል። ለሦስተኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ አውሬው ቢቆስል የሠለጠነ የዱካ ውሻ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከቦታው መድረስ አለበት የሚለው፣ አዛውንቱን አስደነቃቸው፤ ደግሞ እንዲነግራቸው አደረጉት።

ልጁ በሁለት ጠመንጃዎች መካከል ይዋልል ነበር። አንዱ 9.5 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በአፍሪካ ለጎሽና ለዝሆን የታወቀው ባለ 375 ነው፤ ሁለተኛው ስዊድንና ኖርዌይ በአድዋ ዘመን ገደማ ለጦራቸው የተቀበሉት፣ ዛሬም የሙስ አዳኞች የማይለዩት 6.5 ሚሊ ሜትር። «ትከሻህን የማያስፈራህን ግዛ» አሉት። በዚህ ፍርድ አዛውንቱ ብቻቸውን አይደሉም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እስከ ጊሎ ወንዝ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው የዝሆን አዳኝ ቤል ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ሲገድል አብዛኛውን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትርና በመሰል ቀጫጭን ጠመንጃዎች ነው፤ የአንጎሉን ቦታ ለማወቅ የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አጥንቷል። ዕውቀቱ የሚደነቅ፣ የገደለው ቁጥር ግን የሚያሳዝን ነው።

በአንጻሩ ዛሬ በገጠራችን የተበተነው ክላሽንኮቭ ጥይቱ 8 ግራም ገደማ ሆኖ ከአፈሙዙ ሲወጣ ያለው ኃይል 2000 ጁል ያህል ነው። በስዊድን መለኪያ ለሙስ አይፈቀድም፤ ጥይቱም የማይከፈተው ዓይነት ነው። ለሰው ተብሎ የተሠራ ነውና ለጎሽ ቢያንስ አይገርምም።

የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ወዲህም አደን ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ውጅግራውን የሚያጎርስ ጥይት የለም፤ አሮጌውን ቀለህ በባሩድ የሚሞላ ባለሙያም በአካባቢው አልቀረም። የአዛውንቱ የልጅ ልጆች ሲጫወቱ 7.62 የሚለውን ቁጥር አጥርተው ይጠራሉ፤ ጎሽ ያየ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም።