ከቢጫ ሾርባ እስከ ካፕሱል

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በመድኃኒቱ ስለሚያፍር ሐኪም ግን ተረት አልተበጀም። ቢበጅ ኖሮ ለዓይነ ምድር ሕክምና በልኩ የተሰፋ ይሆን ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቻይናዊው ሐኪም ጌ ሆንግ ምግብ ለመረዘውና ተቅማጥ ለጠናበት ሰው የጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር በጥብጦ ማጠጣትን አዝዟል። ኋላ የመጡት የአገሩ ሐኪሞች «ቢጫ ሾርባ» ብለው ሸፋፈኑት፤ የሚጠጣውን በስሙ ቢጠሩለት በሽተኛው እንደማይቀምሰው ገብቷቸዋል። ሕክምናው ወደ እኛ ዘመን ሆስፒታል እንዳይገባም መንገድ ላይ የያዘው ዋናው ነገር ይኸው ይሉኝታ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ቤን አይስማንና ባልደረቦቹ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ፀረ ተዋህስያን መድኃኒት ወስደው አንጀታቸው ክፉኛ ለቆሰለ አራት ሕሙማን የጤነኞችን ዓይነ ምድር በፊንጢጣ በኩል ሰጧቸው፤ አራቱም ዳኑ። በዚያው ዓመት ቫንኮማይሲን የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። አንዱ በብልቃጥ የታሸገ፣ ሌላው ከመጸዳጃ ቤት የመጣ፤ ምርጫው ማንንም አላስጨነቀም። ለዚህ በሽታ ዋናው ጥፋተኛ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው በ1978 ነው። ቫንኮማይሲን ይህን ባክቴሪያ ያዳክመዋል፤ ግን ጠቃሚዎቹንም አብሮ ይጨርሳል። ጠላት ጠንካራ ልባስ ለብሶ ያደፍጥና መድኃኒቱ ሲያበቃ ይነሣል። ሐሞትን ለእሱ እንዳይመች አድርገው የሚለውጡት ጎረቤቶቹ አልቀዋልና ከልካይ የለውም። በሽታው የሚያገረሸው እንዲህ ነው።

አራት ሰው ማስረጃ አይሆንም፣ ሐኪሞቹ የተጠነቀቁት በሳይንስ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ታዲያ በብዙ ሰው ለምን አልተፈተሸም? በዕጣ የተመደቡ ሕሙማንን ያወዳደረው የሆላንዶች ጥናት የታተመው በ2013፣ ከ55 ዓመት በኋላ ነው። በጨው ውሃ ተበጥብጦ የተጣራው ዓይነ ምድር በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ተላከ። ከ16 ሰዎች 13ቱ በአንድ ጊዜ ዳኑ፤ ሲደገም 15 ሆኑ። ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ናቸው። ልዩነቱ ስለገዘፈ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። እርግጥ ማንም በነጻ የሚያወጣውን ነገር ለማስፈተሽ ገንዘብ የሚያፈስ ነጋዴም አልነበረም፤ ይሉኝታ ብቻውን አልሠራም።

አደጋውስ? ይህኛው ተቃውሞ የሚከብድ ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ይፋ እንደሆነው፣ መድኃኒት የተላመደ ኢ. ኮላይ እንደሌለበት ያልተመረመረ ዓይነ ምድር ከተሰጣቸው በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሁለት ሕሙማን አንዱ ሞቷል። ስለዚህ ለጋሹን መመርመር ግድ ነው፤ «ቤቴ እሞክረዋለሁ» የሚል ካለም ይተወው። በ2023 አሜሪካ ከለጋሾች ዓይነ ምድር ተጣርቶ የተዘጋጀውን ቫውስት የተባለ ካፕሱል ፈቀደች፤ በቀን አራት፣ ለሦስት ቀን ይዋጣል። በጥናቱ በስምንት ሳምንት ውስጥ ያገረሸባቸው ካፕሱሉን ከወሰዱት 12 በመቶው፣ ባዶ ካፕሱል ከተሰጣቸው 40 በመቶው ነበሩ። ገበያ ሲወጣ ዋጋው 17,500 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ የምርመራውንና የማጣራቱን ድርሻ ያለ ቅሬታ እንከፍላለን፤ የቀረው ግን የይሉኝታ ቀረጥ ነው።