ቆርቆሮ የሚገዛው ወዳጄ

ሥዕል ገዢ ብዙ ዓይነት ነው። ከሶፋው ቀለም ጋር የሚስማማ ፈልጎ የሚገዛ አለ። ነገ ዋጋው ይጨምራል ብሎ እንደ ቦታ ገዝቶ የሚያስቀምጥ አለ። በኤግዚቢሽን መክፈቻ ምሽት ወይን ጠጁን ቀምሶ ሲያበቃ፣ ሠዓሊው ፊት ለፊቱ ሲቆምበት ይሉኝታ ይዞት የሚገዛም አለ። (እኔ ከነዚህኞቹ ወገን ነኝ። ቤቴ ያሉት ሁለት ሥዕሎች የይሉኝታ ፍሬዎች ናቸው።) ወዳጄ ግን ከሦስቱም አይደለም።

ወዳጄ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው። ሀብታም ሆኖ አያውቅም። ያም ሆኖ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአንድ ሠዓሊ ጓደኛውን 27 ሥዕሎች ገዝቷል፤ አብዛኞቹን እንደ ዕቁብ በየወሩ እየከፈለ። ሃያ ሰባቱም ላይ ያለው ነገር አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ የአዲስ አበባ የቆርቆሮ ጣሪያ። የዛገ፣ የተጣፈ፣ ድንጋይ የተጫነበት፣ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ። ባለቤቱ አንድ ጊዜ «የራስህን ጣሪያ ሳታድስ የሰው ጣሪያ ትገዛለህ» ብላዋለች። እውነቷን ነው፤ ያን ጊዜ ሳሎናቸው ያፈስ ነበር።

ምን እንደሚያይበት ጠይቄው አውቃለሁ። መልስ አልሰጠኝም፤ ክንዴን ይዞ አንዱ ሥዕል ፊት አቆመኝ። «ዝገቱን ቡናማ ነው ብለህ ታልፈዋለህ፤ እስቲ ጠጋ በል» አለኝ። ጠጋ አልኩ። ሠዓሊው ሸራውን አስቀድሞ ቀይ ይቀባዋል። ቀዩ ሲደርቅ አረንጓዴ ቢጤ ያለበት ግራጫ ይደርብበታል። ከዚያ ግራጫውን በቢላ ይፍቀዋል። ዝገት የሚመስለን ከሥር ብቅ ብቅ የሚለው ቀይ ነው። ቡናማ የሚባል ቀለም ሥዕሉ ላይ የለም። «ቆርቆሮ የሚዝገው ሽፋኑ ሲለቅ ነው» አለኝ ወዳጄ፣ «እሱም ሽፋኑን አስለቅቆ ነው ያዛገው። ይህን ለማየት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ግጥሙ ተነብቦ ሳያልቅ «መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚል እጅ ሁልጊዜ ይወጣል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ መጀመሪያ መምጣቱ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከዚህ አላመለጠም። ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ረቂቅ ሥዕሎቹን አዲስ አበባ ሲያሳይ፣ ቀለሙን ከማየት ኢትዮጵያዊነቱን መመርመር የቀለላቸው ነበሩ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ጀርመን የቀሩ ሥዕሎቹ ግን ወደ አገር ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስት ኪሎ አጠገብ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተላቸው። አንድ ሰው ባያስቀምጣቸው ኖሮ የሚመለስ ነገር ባልነበረ።

ወዳጄ ጓደኛውን አያባብልም። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናል፣ ሠዓሊው ቆርቆሮውን ትቶ አንገታቸው እንደ ሰጎን የረዘመ፣ እንስራ ያዘሉ ልጃገረዶች መሣል ጀመረ። ቱሪስት ይወዳቸዋል፤ ሻንጣም ይገባሉ። ሁለቱን ለወዳጄ አመጣለት። ወዳጄ ለረጅም ጊዜ አየና «ከቸገረህ ንገረኝ፣ ገንዘብ እሰጥሃለሁ። እነዚህን ግን አልገዛም» አለው። ሠዓሊው ቱግ አለ። «ልጆቼን እንግዲህ ዝገት ላብላቸው?» ብሎ ሥዕሎቹን በብብቱ ይዞ ወጣ። አንድ ዓመት ከምናምን አልተነጋገሩም። እኔ ብሆን ሁለቱንም ገዝቼ አልጋ ሥር እከታቸው ነበር። የሆነው ሆኖ አንድ ማለዳ ሠዓሊው አዲስ ቆርቆሮ ይዞ በሩን አንኳኳ። «ይህንንስ?» አለ። ወዳጄ ዋጋ ሳይጠይቅ ተቀበለው።

ከዚያ ቆርቆሮው ራሱ ከከተማው መነሣት ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ ሥዕሎቹ ድንገት ፈላጊ በዛባቸው። «ታሪክ ናቸው፣ የጠፋችው አዲስ አበባ ማስረጃ ናቸው» ይላል የሚመጣው ሁሉ። አንዱ ሦስቱን ሊገዛ መጣ። ወዳጄ «የትኛውን ወደድከው?» ቢለው፣ «ሰፈሬ ያለበትን» አለ። አልሸጠለትም። «ማስረጃ ከፈለገ ፎቶግራፍ ሞልቷል!» ብሎ ለእኔ አጉረመረመ። እዚህ ላይ ከወዳጄ ጋር አልስማማም፤ ሰው የጠፋ ሰፈሩን ግድግዳው ላይ ቢፈልግ ምን ነውር አለው? ብቻ ሰውየው ሥዕሎቹ ፊት የቆየው አንድ ስኒ ቡና የሚጠጣበትን ያህል እንኳ አልነበረም።

የወዳጄም ግቢ ለልማት ተነሥቶ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው ያለው። 27 ሥዕል የሚችል ግድግዳ የለውም። በወር አንዱን ይሰቅላል፤ የቀሩት በአንሶላ ተጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይና አልጋ ጀርባ ተደርድረዋል። ውጭ አገር ያሉት ልጆቹ «ይሸጥና ይለቅ» ይላሉ። እሱ ግን እንዳይበታተኑ ብሎ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሁሉንም በነፃ ልስጥ ሲል ጻፈ። አሥር ወር አለፈው፤ መልስ የለም።

እንዲጽናና ብዬ የፈረንሳዩን ጉስታቭ ካይቦትን አነሣሁለት። ራሱም ሠዓሊ ነው። ማንም በማይገዛቸው ዘመን የጓደኞቹን የእነ ሞኔን፣ የእነ ሬኑዋርን፣ የእነ ሴዛንን ሥራ ገዝቶ፣ ጣሪያ ሥር ቆጥ ላይ እንዳይጣሉ በኑዛዜው አስጠንቅቆ ለመንግሥት ተወ። እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሞት ክርክር ተነሣ፤ መንግሥት መርጦ አርባ ያህሉን ብቻ ወሰደ። ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ለሱስ መልስ ሰጥተውታል» አለኝ።

ሠዓሊው አሁንም በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። ግድግዳው ላይ የወሩ ተረኛ የሆነውን ቆርቆሮ ትክ ብሎ ያይና «ይህቺ ጥግ አልተዋጠችልኝም፤ አንድ ቀን ስጠኝና ላስተካክላት» ይላል። ወዳጄ «ያንተ አይደለችም፣ ተዋት» ይለዋል። አንድ ጊዜ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ቢላ አግኝቶበታል። ከዚያ ወዲህ ወዳጄ ቡና ሊያቀርብ ወደ ማድ ቤት ሲገባ እንኳ ሠዓሊውን አስከትሎ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን አይተወውም።