የልጄ አንገትና የእኔ ሜትር

ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የሰው አንገት፣ ትከሻና ወገብ ስለካ ኖሬያለሁ፤ ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ ቁጥሩን በዓይኔ እገምታለሁ። የገዛ ልጄ አንገት በገዛ ሜትሬ ላይ ሦስት ሴንቲ ሲጨምር ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

የሰባተኛ ክፍል ዩኒፎርሟን ስሰፋላት 30 ነበር። ስምንተኛ ስትገባ የሸሚዟ የላይኛው ቁልፍ አልቆለፍ አለ። ለካኋት፤ 33። «ወፍረሻል» አልኳትና ቁልፉን ወደ ዳር አዛውሬ ተከልኩት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ያን ዓመት በቤታችን የነበረው ጠብ ሁሉ ስለ እንቅልፍ ነበር። ልጄ አትነሳም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሶፋው ላይ ትወድቃለች። በሚያዝያ ሙቀት ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፤ ድምፅዋ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጎርነን አለ። ከክፍሏ ከአምስተኛ በታች ወርዳ የማታውቅ ልጅ ሃያ ስምንተኛ ወጣች። መምህሯ ጠርታኝ «ትሰማለች፤ ግን ዘግይታ ነው የምትመልሰው» ስትለኝ አፍሬ ተመለስኩ። ለዚህ ሁሉ አንድ ስም ነበረኝ፤ ስንፍና። ስልኳን ነጠቅኳት። ከጎረቤት ልጅ ጋር አወዳደርኳት። «ተኝተሽ ነው እንዴ የተወለድሽው?» የሚለውን በቀን ስንቴ እንዳልኳት እግዜር ይቁጠረው።

አንድ ማለዳ ሦስቴ ጠርቻት አልነሳ ስትል አንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቷ ላይ ደፋሁባት። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ተነስታ «እማዬ፣ በጣም እኮ ነው የሚበርደኝ» ብቻ አለችኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ስሰፋ እሰማታለሁ።

ነገሩን ያየችው እናቴ ናት፤ ለፋሲካ ከጎጃም መጥታ። ልጅቷ ውሃ ስትጠጣ አንገቷን ትክ ብላ አየችና «ይቺ ልጅ እንቅርት እያወጣች ነው» አለች። ሳቅኩ። እንቅርት ለእኔ የገጠር በሽታ፣ የድሮ ዘመን ነገር ነበር፤ ኮልፌ ምን ይሠራል? «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን ስንተርትበት አድገናል እንጂ ቤታችን ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም። እናቴ አልሳቀችም። አንገቷን ዙሪያውን እንደ ድሪ የከበበውን ንቅሳት በጣቷ እየነካች «ይሄን ለጌጥ መስሎሽ ነው?» አለችኝ። መስሎኝ ነበር። ለካስ ልጅ ሳለች አንገቷ ሲያብጥ ይጠፋልሽ ብለው በመርፌ የወጉባት ኖሯል። አርባ ዓመት ሙሉ የእናቴን አንገት አይቼ፣ ታሪኩን አልጠየቅኳትም።

የደም ማነስ ይሆናል ብዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላኩን። ደም ተሰጠ። ወጣቱ ሐኪም ልጄን ቀና በይ ብሎ ውሃ አስጎነጫት፤ ስትውጥ እብጠቱ አብሮ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ ቤት ውስጥ የምትጠቀሙት ጨው ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። ተናደድኩ። እኔ የመጣሁት ለደም ማነስ መድኃኒት ነው፤ እሱ ጓዳዬን ይጠይቀኛል። «የወጥ ጨው ነዋ» አልኩት።

እውነቱ ይሄ ነው። በቀራንዮ በኩል የወተት ላም የምታረባ ወዳጅ አለችኝ። ለላሞቿ ጨው በጆንያ ስታስመጣ እኔ ግማሹን ዋጋ እያዋጣሁ ግማሹን እካፈል ነበር። መጀመሪያ ቀን ጨውን ያወረደልኝ ልጅ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የከብት ነው» ብሎኛል። «ጨው ጨው ነው፤ ከብት የላሰው ሰው አይገድልም» ብዬ አሳቅኩት። ከሱቅ ከሚሸጠው የታሸገ ጨው ረከሰልኝ፣ በዚያም ኮራሁ። አራት ዓመት ሙሉ ቤተሰቤን ያበላሁት ይህን ነው፤ ክዳኑ በጠፋ የወተት ጣሳ ውስጥ፣ ምድጃው ጥግ ተቀምጦ። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። የእኔው ይጣፍጥ ነበር። ድንጋይነቱ ከምላስ በታች ነው።

ሐኪሙ በወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ከማንቁርት በታች ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ አለ፤ ታይሮይድ ይሉታል። ይህ ዕጢ የሚሠራው ሆርሞን ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ ሰውነት ምግቡን ምን ያህል ቶሎ ወደ ሙቀትና ጉልበት እንደሚለውጥ፣ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ ይወስናል። የሆርሞኑ ጥሬ ዕቃ አዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጥር ሆርሞኑ ያንሳል፤ አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የሚባለው ዕጢ ደግሞ ጉድለቱን ሲያይ ቲኤስኤች የሚባል ሌላ ሆርሞን እየላከ «ሥራ! ሥራ!» ይለዋል። ታይሮይዱ ይታዘዛል፣ ይለፋል፣ ያብጣል። እንቅርት ማለት ይሄው ነው። የልጄ ቲኤስኤች በጣም ከፍ ብሎ፣ የታይሮይዱ ሆርሞን ደግሞ ወርዶ ተገኘ። ጉርምስና ላይ ሰውነት ይበልጥ ስለሚፈልግ ጉድለቱ በዚያ ዕድሜ፣ በተለይ በሴት ልጅ ላይ፣ ጎልቶ ይወጣል አለኝ።

እኔ በስፌት መኪናዬ ተረዳሁት። ክር ያለቀበት መኪና ፔዳሉን ብትረግጪው መርፌው ይወጣል ይወርዳል፤ ጨርቁ ግን አይሰፋም። ልጄ ውስጥ አንዲት ዕጢ ዓመት ሙሉ ያለ ክር ስትሰፋ ኖራለች፤ እኔ ከላይ ሆኜ ፔዳሉን እረግጣለሁ።

የሚያንገበግበኝ የመጠኑ ትንሽነት ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው፤ የዕድሜ ልኩ ተደምሮ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለነፍሰ ጡር 250 ነው፤ በማህፀን ያለ ልጅ አእምሮም በዚሁ ይሠራልና። የወንድሜ ሚስት እርጉዝ ስለነበረች የመጀመሪያውን የታሸገ ጨው የወሰድኩት ለእሷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የደጋችንን አፈር ዝናብ ለዘመናት ስላጠበው አዮዲኑ ተጠርጎ ሄዷል፤ እህሉም ጎመኑም ከዚያው አፈር ነው የሚበቅለው። ባሕር የለን፣ የባሕር ዓሣ አንበላ። ወተትና እንቁላል ጥቂት ይሰጣሉ፤ እኛ ቤት ግን ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲጨመርበት የዓመቱ ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ ለእንደ እኛ ዓይነቱ ቤት የሚቀረው ጨው ነው። ቀድሞ ጨዋችን ከአሰብ ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋና ፊታችንን ወደ አፋር፣ በተለይ ወደ አፍዴራ አዞርን፤ ከዚያ የሚመጣው ጨው ደግሞ ለዓመታት በአብዛኛው አዮዲን አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው ብሎ ደንብ ቁጥር 204ን አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ገደማ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ግን ከ80 በላይ ደረሰ። አገሩ ሁሉ ወደዚያ ሲሄድ እኔ በርካሽ ዋጋ ወደ ኋላ፣ አዮዲን ወደሌለው የከብት ጨው ተመለስኩ። ደንቡም ሱቁም አላጠፉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጨው መግዛቱ ደግሞ የነገሩ ግማሽ ነው። አዮዲን ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት ያባርሩታል። ነርሷ በርበሬ እንዴት እንደማዘጋጅ ስትጠይቀኝ ነገርኳት፤ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ጨውን አብሬ እደልዛለሁ፣ ከዚያ ለቀናት ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። «እንግዲህ አዮዲኑን አስጥተሽ ለፀሐይ አበላሽው» አለችኝ። አሁን በርበሬዬ ያለ ጨው ይፈጫል። ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ይገባል። የማስቀምጠው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጌ ነው። ደግሞ ጨው አላበዛሁም፤ ሐኪሙ ይህን አጥብቆ ነግሮኛል፤ ደም ግፊት በር ላይ ነው የሚጠብቀው። ወሬውን የሰማች አንዲት ጎረቤቴ ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን በውሃ ጠብ አድርገሽ አጠጪያት ብላኝ ነበር። እባካችሁ እንዳታደርጉት፤ ሲበዛም ያንኑ ዕጢ ይጎዳል። እብጠት ሁሉም ከጨው አይመጣም፤ የሚለየው ምርመራ ነው።

ልጄ ለተወሰኑ ወራት የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን ወሰደች። በባዶ ሆድ ተውጦ እስከ አንድ ሰዓት ምንም ስለማይበላበት ከማንኛችንም ቀድማ የምትነሳው እሷ ሆነች። ጋቢው ሳጥን ገባ። ያቺ ሃያ ስምንተኛ የወጣች ልጅ በቀጣዩ ዓመት ዘጠነኛ ወጣች፤ አንገቷ 31 ነው። አንድ ማታ በርበሬ ስንቀነጥስ ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለ ስልኩም፣ ስለ ስድቡም ምንም አላለችም። «ውሃውን ግን አልረሳሁትም» አለችኝና መቀንጠሷን ቀጠለች። እኔም አልረሳሁትም።

ቤታችሁ ውስጥ አልነሳ የሚል፣ የሚበርደው፣ ነገር የሚዘገይበት ልጅ ካለ ከመቆጣታችሁ በፊት ቀና አድርጋችሁ ውሃ አስጎንጩትና አንገቱን እዩት። ከዚያ የጨው ዕቃችሁን ክፈቱ። ጤና ጣቢያው ደግሞ ሩቅ አይደለም።