በታሊሊን ሐዲድ ላይ መንገድ ስለ መማር

ሰው ብቻውን ሲሄድ መንገድ ቢስት የሚደክመው ራሱ ነው፤ ሌላውን አሳፍሮ የሚሄድ ግን መንገዱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ይህን ነገር በደንብ የተረዳሁት በዌልስ አገር ታሊሊን በሚባለው ትንሽ ምድር ባቡር ላይ፤ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው ከሚያገለግሉት ሰዎች ጋራ ገብቼ የባቡር ጠባቂነትን ሥራ በተማርኩበት ጊዜ ነው።

የታሊሊን ባቡር የሚነሣው በባሕር ዳር ካለችው ከታዊን ከተማ ነው። ከዚያም ወደ ምሥራቅ በሸለቆ እየወጣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ፤ ናንት ግወርኖል በሚባለው ዛፍ በበዛበት ስፍራ ያበቃል። የሐዲዱ ስፋት 68.6 ሳንቲ ሜትር፤ ማለት አንድ ክንድ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ ይመላለስ የነበረው የቀድሞው ምድር ባቡራችን የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፤ የዚህን ታናሽነት ሊገምተው ይችላል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ። ሐዲዱ በ1865 የተዘረጋው ከተራራ የሚፈለጠውን የቤት ክዳን ድንጋይ ለማውረድ ነበረ። በ1946 ድንጋዩ የሚወጣበት ዋሻ ስለ ተደረመሰ የፈለጣው ሥራ ቆመ። የባቡሩ ባለቤት ሰር ሄንሪ ሄድን ጆንስ ግን በሕይወት እስካሉ ድረስ ባቡሩን ላለማቆም የገቡትን ቃል ጠበቁ። እሳቸው በ1950 ሲሞቱ፤ ደራሲው ቶም ሮልትና ባልንጀሮቹ በበርሚንግሃም ከተማ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1951 በግንቦት ወርም ባቡሩን በራሳቸው እጅ አስነሡት። በዓለም ላይ በፈቃደኞች ድካም ከመጥፋት የዳነ የመጀመሪያው ምድር ባቡር ይህ ነው። በ1864 እና በ1866 የተሠሩት ሁለቱ የእንፋሎት መኪናዎች ዛሬም ከዚያው አሉ።

አስተማሪዬ ፀጉራቸው የነጣ፤ ንግግራቸው የተቈጠበ ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ደብተሬን አውጥቼ የጣቢያዎቹን ስም፤ ፔንድሬ፤ ሪዲሮነን፤ ብሪንግላስ፤ ዶልጎህ፤ አበርገኖልዊን እያልሁ ስጽፍ አይተው «ልጄ፤ ስም ማወቅ መንገድ ማወቅ አይደለም» አሉኝ። እውነትም ነበረ። ጠባቂ ከሁሉ ጀርባ ባለው ሠረገላው ተቀምጦ አቀበቱ የት እንደሚበረታ፤ ሐዲዱ የት እንደሚጠማዘዝ፤ ውሃ የት እንደሚቀዳ ሳያይ ማወቅ አለበት። መንገዱ ነጠላ ሐዲድ ስለ ሆነ፤ ባቡሮች የሚተላለፉበትን ስፍራና ባቡሩ የፈቃድ ምልክት ሳይዝ የማያልፍበትን ወሰን ማወቅ አለበት። በድልድዮቹ ሥር ያለው ስፍራ ጠባብ ሆኖ በመገኘቱ የሠረገሎቹ በር ከጥንት ጀምሮ በአንድ ወገን ብቻ እንዲከፈት ተደርጓል፤ ይህንም የሚጠብቀው እርሱ ነው።

ስለዚህ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ መማር ጀመርሁ። ባቡሩ ከታዊን ወጥቶ ተቈፍሮ በተሠራው መተላለፊያ ሲገባ ድምፁ ይታፈናል፤ ወደ እርሻው ሲወጣ ይሰፋል። የዶልጎህ ድልድይ ሦስት ቅስት ያለው የሸክላ ግንብ ሲሆን፤ ከገደሉ 16 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ሲያልፍ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ስለሚርቁ የመንኰራኵሩ ድምፅ ወደ አየር ይበተናል።

መንገዱን ዐወቅሁ ብዬ ልቤ በተማመነ ጊዜ፤ አንድ ቀን ወደ ማታ ጉም ወርዶ ሳለ ቍልቍለቱን ስንወርድ አስተማሪዬ በድንገት «ነጂው አሁን ፍሬን ቢጠይቅህ ከፊታችን ምን አለ?» አሉኝ። እኔም ሳላመነታ «ሜዳና የበግ ማሰማሪያ» ብዬ መለስሁ። ጥቂት ቈይቶ የባቡሩ ፉጨት ተሰማ፤ ወዲያውም በብሪንግላስ አጠገብ ሐዲዱን የሚቈርጠውን የመኪና መንገድ አለፍን። ሽማግሌው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኔ ግን ፊቴ ጋለ። በሠረገሎቹ ውስጥ እናቶች ልጆቻቸውን በጕልበታቸው አስቀምጠው ይዘምሩ ነበር።

ታዊን ከደረስን በኋላ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ ብሎ የሚፈረምበትን ወረቀት በፊቴ አኖሩ። «የቀረውን ሁሉ ታውቃለህ። ያንድ ስፍራ ስሕተት ነው፤ ፍርዱን ለአንተ ትቼዋለሁ» አሉኝ። የዕረፍት ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ብፈርም ብቻዬን ጠባቂ ሆኜ እወጣለሁ፤ ባልፈርም እስከሚመጣው ዓመት እጠብቃለሁ። ብዕሩን አንሥቼ ጥቂት ከያዝሁት በኋላ መልሼ አስቀመጥሁትና «ጌታዬ፤ ከዶልጎህ እስከ ብሪንግላስ ያለውን ገና አላውቀውም» አልኋቸው። እሳቸውም ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲህ ከሁሉ የሚከብደውን ትምህርት ጨርሰሃል» አሉኝ።

በዓመቱ ተመልሼ ሄድሁ። ያንን ስፍራ በቀን፤ በዝናብ፤ በጨለማም ደጋግሜ አለፍሁት። የአንዱ ቍጥቋጦ ቅጠል የሠረገላውን ጣራ ሲዳስስ፤ ከዚያም ጥቂት ቈይቶ ጠመዝማዛው ሲጀምር፤ መንገዱ እንደ ቀረበ ተረዳሁ። በዚያን ጊዜ ፈረምሁ።

በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች በየቀኑ ስማችንን በብዙ ወረቀት ላይ እናኖራለን። ከእያንዳንዱ ፊርማ በስተኋላ ግን ፊታቸውን የማናየው መንገደኞች ተሳፍረዋል። ወላጆችም ልጆቻቸው «አላውቅም» ሲሉ ባይቈጧቸውና እንዲያውቁት ጊዜ ቢሰጧቸው መልካም ነው፤ ይህን ቃል በልጅነቱ ያለ እፍረት መናገር የተማረ ሰው ሲያድግ የሌላውን ሕይወት በአደራ ቢሰጡት አያሰጋምና።