ያላነበብኩት ሰሌዳ



ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የባቡር ማቋረጫ ነው። «የመኪና መንገድና ሐዲድ የሚገናኙበት ቦታ ለቤተሰብ ምን ይረባል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ባለፈው ዓመት አንዲት ቅዳሜ ጠዋት እስክታስደነግጠኝ ድረስ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ማለዳ መድረሳ፣ ከዚያ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት እሄድ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ሐዲዱ አለ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው፤ ከተማችንም የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው። እኛ ልጆች በምንሻገርበት ቦታ ግን መብራትም ደወልም አልነበረም። ባቡር መምጣት አለመምጣቱን የምናውቀው ተንበርክከን ጆሯችንን ሐዲዱ ላይ በመለጠፍ ነበር። ብረቱ «ዝዝዝ» ካለ እንሸሻለን፣ ዝም ካለ እንሻገራለን። እናቴ ይህን የደረሰችበት ቀን የቀመስኩትን ኩርኩም እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። በሥራ ቀናት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ለማኅበረሰባችን ልጆች ቁርኣንና የዐረብኛ ፊደል ከሚያስተምሩት አንዱ ነኝ። ወደዚያ ስንሄድ አንድ የሐዲድ ማቋረጫ አለ። በዚያ ማቋረጫ አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ተመላልሼበታለሁ።

የዚያን ቅዳሜ አርፍጄ ነበር። ከኋላ ወንበር የዘጠኝ ዓመት ልጄና የጎረቤታችን ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል። ማቋረጫው ጋ ስንደርስ ደወሉ ተደወለ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፣ ማገጃውም ወረደ። ረጅም የዕቃ ባቡር እየተንቀራፈፈ አለፈ። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ማገጃው ይነሳል ብዬ ብጠብቅ አልተነሳም። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋብኝ። «ተበላሽቷል ማለት ነው» ብዬ ፍሬኑን ለቀቅኩና ማገጃውን ዞሬ ለማለፍ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ።

ይህን ጊዜ ልጄ፣ «አባዬ፣ መብራቱ እኮ አልቆመም!» አለችኝ።

እግሬ ፍሬኑ ላይ ተመለሰ። ወዲያው ከተቃራኒው አቅጣጫ፣ በሁለተኛው ሐዲድ ላይ የመንገደኞች ባቡር እንደ ንፋስ ሽው ብሎ አለፈ። የመጀመሪያው ባቡር ጋርዶት ስለነበር አላየሁትም፤ በእርሱም ጩኸት ተውጦ ጥሩምባውን አልሰማሁትም። መኪናው ውስጥ ማንም ቃል አልተነፈሰም። አልሐምዱሊላህ፣ የዚያን ዕለት ሦስት የሰው አደራ በሰላም መለስኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

የመድረሳ ኡስታዛችን «ያልተጻፈ ትምህርት ያልታሰረ ግመል ነው» ይሉን ነበር። በማግስቱ ደብተርና እርሳስ ይዤ፣ ልጄንም አስከትዬ ወደ ማቋረጫው በእግሬ ሄድኩ። የሐዲዱ ይዞታ ላይ መግባት ክልክል ስለሆነ ከእግረኛው መንገድ ሳንወጣ ያየነውን ሁሉ አንድ በአንድ መዘገብን። ሥራው ሦስት እሑዶች ፈጀ።

የመጀመሪያው፣ ከማቋረጫው ራቅ ብሎ ያለው ክብ ቢጫ ሰሌዳ ነው፤ «ወደፊት ሐዲድ አለ» ማለት ነው። ቀጥሎ አስፋልቱ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት፣ ከዚያም ነጭ የማቆሚያ መስመር ተቀብቷል። ሐዲዱ አጠገብ በቆመው ምሰሶ ላይ የኤክስ ቅርጽ ያለው ነጭ ሰሌዳ አለ፤ በአሜሪካ ሕግ ይህ ሰሌዳ ለባቡር ቅድሚያ ስጥ ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ትንሽ ሰሌዳ አለች። ልጄ ጮክ ብላ አነበበቻት፦ «ሁለት ሐዲድ»።

ውድ አንባብያን፣ እርሳሴ በእጄ ላይ ቀረ። ሰሌዳዋ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበረች። «ሁለት ሐዲድ» ማለት «አንዱ ባቡር አለፈ ብለህ አትነሳ፣ ሌላ ሊመጣ ይችላል» ማለት ነው። የሰው ልጆች ማንበብ የማስተምር እኔ፣ በደማቁ የተጻፈውን ሁለት ቃል አላነበብኩም!

መዝገባችንን ቀጠልን። ሁለቱ ቀይ መብራቶች ተራ በተራ ይበራሉ። በሰዓት ስንቆጥር እያንዳንዱ በደቂቃ 50 ጊዜ ያህል ብልጭ አለ፤ ደንቡ ከ35 እስከ 65 ነው። ቀይና ነጭ የተቀባው ማገጃ ላይ ሦስት ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ ጫፉ ላይ ያለው ሳይቋረጥ ይበራል፣ ሁለቱ ይፈራረቃሉ። በደንቡ መሠረት ማስጠንቀቂያው ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ቀድሞ ይጀምራል። ማገጃው መውረድ የሚጀምረው መብራቱ ከበራ ቢያንስ ከ3 ሴኮንድ በኋላ ሲሆን፣ ባቡሩ ሊደርስ ቢያንስ 5 ሴኮንድ ሲቀረው ሙሉ በሙሉ ተጋድሞ መገኘት አለበት። ባቡሩም ሲቃረብ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ እንደገና አንድ ረጅም ጥሩምባ ይነፋል።

ታዲያ መሣሪያው ባቡር መምጣቱን በምን ያውቃል? መልሱን ቤት ገብቼ ሳነብ የልጅነት ሐዲዳችን ትዝ አለኝ፤ እርሱም ሐዲዱን ያዳምጣል! በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች ውስጥ ከአንድ ጫፍ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ይላካል። በሌላው ጫፍ ያለው ሪሌይ የተባለ መሣሪያ ይህን ኃይል እስካገኘ ድረስ ሐዲዱ ባዶ ነው ይላል። ባቡር ሲገባ የብረት ጎማዎቹ ከነዘንጋቸው ሁለቱን ብረቶች ያገናኛሉ፤ ኃይሉ በዚያው ተመልሶ ይቀራል፣ ሪሌዩም ይለቃል፤ ያን ጊዜ መብራቱ ይበራል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ማገጃው ይወርዳል። ይህን ዘዴ ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ዛሬ በብዙ ቦታ የባቡሩን ፍጥነት እየለካ መድረሻውን የሚገምት መሣሪያ ተጨምሮበታል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ይህ ነው። ሐዲዱ ቢሰበር፣ ሽቦው ቢቆረጥ፣ ኃይሉ ሪሌዩ ጋ ስለማይደርስ መሣሪያው ባቡር እንደመጣ ቆጥሮ መንገዱን ይዘጋል። ማገጃውን ወደ ላይ ይዞ የሚያቆመው ኤሌክትሪክ ነው፤ ጨርሶ ኃይል ካጣ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የከተማው መብራት ቢጠፋ እንኳ አጠገቡ ባለው የብረት ቤት ውስጥ ባትሪዎች ተዘጋጅተውለታል። የሠሩት ሰዎች «ከተሳሳተ ወደ ጥንቃቄ ይሳሳት» ብለው ነው የሠሩት። እኔ ያን ቅዳሜ ያደረግኩት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ስጠራጠር ወደ አደጋው ተሳሳትኩ።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ መዘገብን። በላዩ የስልክ ቁጥርና የማቋረጫው መለያ ተጽፏል። በአሜሪካ ከ200,000 በላይ ማቋረጫዎች ሲኖሩ እያንዳንዱ ስድስት አኃዝና አንድ ፊደል ያለው የራሱ መለያ አለው። ፊደሏ ከአኃዞቹ በስሌት የምትገኝ ስለሆነች ቁጥሩን ተሳስቶ የሚያነብ ሰው በእርሷ ይታወቅበታል። በሦስተኛው እሑድ ከማገጃው መብራቶች አንዱ ሲበራ አላየነውምና ደወልን። ስልኩን ያነሳው ሰው መለያውን ጠየቀ፣ ልጄ ከደብተሯ አነበበችለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስናልፍ መብራቱ ተሠርቷል። ደስታዋን ባያችሁ!

በዚህች ሀገር በየዓመቱ 2,000 ገደማ ግጭቶች በእንዲህ ያሉ ማቋረጫዎች ላይ ይደርሳሉ። የዕቃ ባቡር በሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሳለ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም አንድ ማይል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ነጂው ቢያያችሁም አያድናችሁም። ስለዚህ መኪና የምትነዱ ወላጆች፣ ባቡሩ ካለፈም በኋላ መብራቱ እስኪጠፋና ማገጃው እስኪነሳ ጠብቁ። መኪናችሁ ሐዲድ ላይ ቢቆምባችሁ ልጆቻችሁን አውጡና ከሐዲዱ እየራቃችሁ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በሰያፍ ሩጡ፤ ወደ ሌላው አቅጣጫ ከሮጣችሁ የሚፈናጠረው ብረት ያገኛችኋል። ከዚያ በሰማያዊው ሰሌዳ ላይ ያለውን ቁጥር ደውሉ።

በሀገራችንም የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከእ.ኤ.አ. 2018 መጀመሪያ አንስቶ መደበኛ አገልግሎት ይሰጣል። በመስመሩ ዳር የምትኖሩ ወጣቶች፣ ጆሮ ሐዲድ ላይ መለጠፍ ያኔም ስሕተት ነበር፤ ዛሬም ስሕተት ነው።

ደብተሩን ቅዳሜ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። የሆነውንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ መምህር ስሕተቱን ለልጆች መናገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሁን ማቋረጫው ጋ ስንደርስ ሦስቱም ልጆች ከኋላ ወንበር በአንድ ድምፅ «ሁለት ሐዲድ!» ይላሉ። እኔም «ሰምቻለሁ» እላለሁ፣ መብራቱ እስኪጠፋም እጠብቃለሁ። መድረሳው ቢረፍድ ኡስታዙ ይጠብቀናል፤ ኡስታዙም እኔው ነኝ።