ያልሳቅንለት ሰው

ማምሻውን በሚኒባስ ወደ ቤቴል የሚመለስ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከጦር ኃይሎች ወዲህ መንገዱ ሲዘጋጋ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ባጎነበሰበት ሰዓት፣ አንዱ ተሳፋሪ ቀልድ ጣል ያደርጋል። የሚስቅለት የለም። ብቻውን ትንሽ ይስቅና ወደ መስኮቱ ይዞራል። ያ ፊት ያሳዝነኛል። ከማያውቁት ሰው ጋር እስቲ እንጫወት ማለት ቀላል ድፍረት አይደለም።

የግድ ሳቁለት አልልም። የውሸት ሳቅ ያስታውቃል፤ ቀልደኛውንም ይበልጥ ያሸማቅቀዋል። ግን ዞር ብሎ ማየት፣ ፈገግ ማለት፣ «አይ አንተ!» ብሎ ወሬውን ወደ ሌላ ማዞር ምን ይከብዳል? እናቶቻችን ሲያደርጉት ያደግነው ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ሰፈራችን ለቅሶ ላይ ነበርን። የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወተው ይጫወታል፤ ሐዘንተኛዋ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ የጎረቤት ልጅ ሊያጽናና ፈልጎ ስለ ሟቹ «ጋሼ በሰዓቱ የደረሱት ለቀብራቸው ብቻ ነው» አለ። ድንኳኑ ጭጭ አለ። ልጁ የሚገባበት ጠፋው። ሐዘንተኛዋ ቀና ብለው አዩትና «እሱ ቢኖር መልስ አያጣልህም ነበር፤ እኔ አልችልበትም። ና ልጄ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ» አሉት። አልሳቁም፤ ቀልዱ እንዳላሳቃቸውም አልደበቁም። ልጁ ግን ቦታ አገኘ። በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆነው ለእሱ ማሰባቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ባህላችን ለቀልድ በጨዋታ መልስ ለመስጠት እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብቶ በአለባበሱ ወይም በመልኩ የተተረበ ሰው አይቆጣም፤ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም በማሲንቆው አዚሞ ይመልስለታል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፎገራ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐናም ዛሬ ድረስ በቀልዳቸው ይነሳሉ፤ በቃል ከሚወራላቸው ሁሉ እኔ የምወደው ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ መልስ የሚሰጡበትን ነው።

ቀልዱ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ግን ነገሩ ይለያል። ቤቴል ያለችበት ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርበት ነው። የአንዱ አነጋገር ወይም የትውልድ አገር መሳቂያ ሲሆን ፈገግታችን ለተሰደበው ሰው ሌላ ስድብ ይሆንበታል። እዚያ ላይ ፊትን ሳያጠቁሩ፣ ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ «ወንድሜ፣ ይቺን እንኳን ተዋት» ማለት ይገባል። ቀሪ ነገር ካለ ከሚኒባሱ ከወረዱ በኋላ፣ ለብቻው። በማግስቱ ሲያገኙት ደግሞ ቀድሞ ሰላም ማለት፤ ያኮረፍነው መስሎት በሌላ መንገድ እንዳይዞር።